ፕሪንተሩ 1ን 0 አድርጎ የሚያትመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ገላን በሚገኘው ቤቴ የድሮ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርና በባለ 25 ፒን ገመድ የሚገናኝ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር አለኝ። ኮምፒውተሩ ሲነካ ይነዝር ስለነበር አንድ ባለሙያ ሶኬቱን ከፍቶ ኒውትራሉን (ኮረንቲ የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንዱ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘው፤ መንዘሩም ቆመ። የፕሪንተሩን ገመድ ነቅዬ መልሼ ከሰካሁ ወዲህ ግን ከሂሳብ ፕሮግራሜ 123456 ሳትም 022446 ይወጣል፤ አንድ መስመር ባተመ ቁጥርም ወረቀቱን ወደ አዲስ ገጽ ይገፋዋል። ጥገና ቤት “ሁለቱ ዕቃዎች አይስማሙም” ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እስከዚያ ቀን አብረው ሲሠሩ የነበሩ ዕቃዎች ስለሆኑ አይስማሙም የሚለውን ፍርድ አልቀበለውም። ግምቴ ከስምንቱ የመረጃ መስመሮች የመጀመሪያው፣ በፒን 2 የሚሄደው፣ ተቃጥሎ ዜሮ ላይ ቀርቷል የሚል ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደልና ትእዛዝ ኮድ በሚባል ቁጥር ይልካል፤ ይህ መስመር ሲሞት ኢተጋማሽ ኮድ ሁሉ በአንድ ይቀንሳል። የ1 ኮድ 49 ስለሆነ ወደ 48 ይወርዳል፤ እሱም የ0 ኮድ ነው። ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ የሚለው ትእዛዝ ኮዱ 13 ሲሆን፣ 12 ሆኖ ሲደርስ ወደ ቀጣዩ ገጽ ግፋ ማለት ይሆናል። ገመዱ ውስጥ ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በአብዛኛው ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚበላሹት ተጋማሾቹ ይሆኑ ነበር።

መንስኤውን ሳይረዱ አዲስ የፕሪንተር ማገናኛ ካርድ ቢገዙ እሱም ይቃጠላልና በሰፊው ላስረዳ። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የመስመር ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ብረት ቀፎው ተያይዘዋል። ግራውንድ ካለ በእነሱ የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ግን ቀፎው በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ የ220 ቮልቱን ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ፣ ይይዛል። ኮረንቲው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ እጅን ነዝሮ ይተዋል፤ በ5 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ግን አይችለውም። ብዙ ፕሪንተሮችም ይህንኑ ማጣሪያ ይዘዋል። በእርስዎ ቤት አጭሩ ሽቦ የኮምፒውተሩን ቀፎ ከኒውትራል ጋር ሲያስረው ፕሪንተሩ በሌላ ሶኬት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ገመዱን ሲሰኩ የቮልት ልዩነቱ ቀድሞ በነካው ፒን በኩል አለፈ። በዩኤስቢ መሰኪያ የግራውንዱ ምላስ ረዘም ብሎ ቀድሞ እንዲነካ ተደርጓል። በባለ 25 ፒኑ ቀድሞ የሚነካው የጠርዙ ብረት ነበር፤ ነገር ግን ርካሾቹ ገመዶች ያንን ብረት ከምንም ጋር አያያይዙትም።

ከፕሪንተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ አጭር ሽቦ ነው። ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል ቢበጠስ፣ ወይም መስመሩ ሲጠገን ፌዝና ኒውትራል ቢቀያየሩ፣ ሙሉ 220 ቮልት ቀፎው ላይ ይወጣል፤ ይህ ሰው ይገድላል። ዋናውን ብሬከር አጥፍተው፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጠው ዛሬውኑ ያውጡት።

ቀጥሎ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሽያን የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ አስተክለው ከማከፋፈያው ጋር ያስይዙ፤ ባለ 30 ሚሊአምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም (ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ያስገጥሙ። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤቶች ከምሰሶ በሁለት ሽቦ ብቻ ስለተሳቡ የሶኬቱ የጎን ብረቶች (የግራውንዱ መነኪያዎች) ከጀርባቸው ምንም የላቸውም። የገበያው ርካሽ ኤክስቴንሽንም እንደዚያው ነውና በካቻቢቴ ከፍተው ሦስት ሽቦ መኖሩን ሳያዩ አይመኑት። ሁለቱንም ዕቃዎች በአንድ ደህና ኤክስቴንሽን ላይ ይሰኩ። የፕሪንተሩ ገመድ ተነቅሎ ሳለ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ከኮምፒውተሩ ቀፎ እስከ ፕሪንተሩ መሰኪያ የጠርዝ ብረት ይለኩ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ ካልቀረበ አያገናኙ።

ፕሪንተሩን የወረቀት መግፊያ ቁልፉን ተጭነው ይዘው ሲያበሩት አብዛኞቹ ሞዴሎች ራሳቸውን ፈትሸው ያትማሉ፤ 1ና 3 በትክክል ከወጡ የማተሚያ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው። በሌላ ኮምፒውተርም በትክክል ካተመ የተቃጠለው የእርስዎ ኮምፒውተር ፖርት (የፕሪንተሩ ገመድ የሚሰካበት ክፍል) ስለሆነ ያንኑ መሰኪያ የያዘ ፓራሌል ካርድ ይበቃዋል፤ ካላተመ የፕሪንተሩ መቀበያ ቦርድ ይቀየር። የሂሳብ ፕሮግራምዎ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ከሆነ በቀጥታ ወደ ፖርቱ ስለሚጽፍ፣ ሻጮች የሚያቀርቡልዎትን የዩኤስቢ መለወጫ ገመድ አይግዙ።

ገመዱን በሰኩና በነቀሉ ቁጥር የሁለቱንም ዕቃዎች ፕለግ ከሶኬት ያውጡ፤ ማጣሪያው ከማብሪያው በፊት ሊሆን ስለሚችል ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ያ አጭር ሽቦ ከሶኬቱ ሳይወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው።