በታካሚው አጠገብ ስለሚደረግ የደም መርጋት ምርመራ፦ ለወጣት ባልደረቦቼ

በልብ ቀዶ ሕክምና እና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የልብና ሳንባ ማሽን ባለሙያዎች፤

ዕድሜዬን ካሳለፍሁበት ሙያ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። መሣሪያው የሚነግራችሁ በናሙና መያዣው ውስጥ ስላለው ደም ብቻ ነው፤ ይህ ደም የታካሚውን እውነተኛ ሁኔታ ያሳይ እንደሆነ መመርመር የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ከናሙናው ልጀምር፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚያ ነውና። ደሙ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በደም ቅዳ ውስጥ ከገባው ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ባለበት ፈሳሽ የሚታጠብ ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ደም ከዚያ ፈሳሽ ጋር ስለተቀላቀለ ለምርመራ አይሆንም። በቂ መጠን ስባችሁ ለዩ፤ ከዚያም በሌላ ንጹሕ ሲሪንጅ፣ አየር ሳታስገቡ፣ በዝግታ ቅዱና ሳትዘገዩ ወደ መሣሪያው አስገቡ። በጥድፊያ ጊዜ ይህ ከተዘለለ፣ በታካሚው ውስጥ ለሌለ ሄፓሪን ማርከሻውን ፕሮታሚን ወደ መስጠት ይደረሳል።

ታካሚው የልብንና የሳንባን ሥራ ወደሚተካው ማሽን ከመግባቱ በፊት በኪሎ ግራም ከ300 እስከ 400 ዩኒት ሄፓሪን ይሰጠዋል፤ በብዙ ማዕከላትም ኤሲቲ የተባለው፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው ምርመራ 480 ሴኮንድ እስኪደርስ ይጠበቃል። ቁጥሩ ከፍ አልል ካለ መድኃኒቱ በእርግጥ ወደ ደም ሥር መግባቱን አረጋግጡ፤ ገብቶ ከሆነ አንቲትሮምቢን የተባለው የደም ፕሮቲን ማነሱን አስቡ፤ ሄፓሪን ያለ እርሱ ሊሠራ አይችልምና። ደግሞም ሰውነት ሲቀዘቅዝና ደም ሲቀጥን ኤሲቲ ስለሚረዝም፣ ረጅም ቁጥር ሁልጊዜ የሄፓሪንን መብቃት አያረጋግጥም።

ከማሽኑ ወጥቶ፣ ፕሮታሚንም ተሰጥቶት ታካሚው መድማቱን ካላቆመ፣ ፕሮታሚን ለመድገም አትቸኩሉ፤ ሲበዛ ራሱ መርጋትን ያውካልና። ተመራማሪው ሃርተርት በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ የረጋውን ደም ጥንካሬ በመስመር የሚያሳይ ዘዴ ዛሬ ቴግና ሮቴም በተባሉ መሣሪያዎች መልክ በእጃችን ያለው ለዚህ ሰዓት ነው። በሮቴም ኢንቴምና ሄፕቴም የተባሉትን ሁለት ምርመራዎች ጎን ለጎን አስተያዩ፤ በሄፕቴም ውስጥ ሄፓሪንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለ፣ ኢንቴም ዘግይቶ ሄፕቴም ካልዘገየ የቀረ ሄፓሪን አለ ማለት ነው። ፊብቴም የተባለው ምርመራ ደግሞ የፕሌትሌቶችን (ደም ለማርጋት የሚረዱ የደም ሕዋሳት) ድርሻ አስወግዶ የፋይብሪኖጅንን (የረጋ ደም መረብ የሚሠራ ፕሮቲን) ጥንካሬ ለብቻው ያሳያል፤ ደም መርጋት ከጀመረ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ በሚነበበው ልክ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና መወሰን ይቻላል። ዋናውን ላቦራቶሪ በመጠበቅ የሚያልፈውን ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታላቅ በረከት ነው።

ነገር ግን መሣሪያው ናሙናውን ወደ 37 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ካልሲየምን ይዞ መርጋትን በሚከለክለው ሲትሬት ለተቀዳ ደምም ካልሲየም ይጨመርለታል። ስለዚህ ታካሚው ቀዝቅዞና ካልሲየሙ ወርዶ እየደማ ሳለ ያማረ መስመር ልታዩ ትችላላችሁ። ፕሌትሌቶችን የሚያዳክሙት የአስፒሪንና የክሎፒዶግሬል ጫናም በተለመዱት ምርመራዎች በሚገባ አይታይም። ሙቀቱን፣ ካልሲየሙን፣ የደሙን አሲድነትና ሲወስዳቸው የነበሩትን መድኃኒቶች ሳታዩ ውጤቱን አትተርጉሙ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ፈተናም አለ፤ መስመሩ ተዛብቶ ታካሚው ግን አይደማም። በእኔ እምነት እንዲህ ላለው ታካሚ ቁጥር ለማስተካከል ብቻ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) መስጠት ለተዳከመ ልብ ጭነት መጨመር ነው፤ ታገሡ፣ ከደረቱ ደም የሚያወጣውን ቱቦ ተከታተሉ።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምትሠሩ ነርሶች፣ ሄፓሪን ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊታይ ስለሚችል ደም መፍሰሱ ሲጨምር ምርመራውን ለማስደገም አታመንቱ፤ አዲሱንም ኤሲቲ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው መነሻ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ምርመራው ሁሉ ደህና ሆኖ ቱቦው መሙላቱን ከቀጠለ ችግሩ ምናልባት ከተሰፋው ቦታ ነውና ቀዶ ሐኪሙን ጥሩ። ሲፈስ የነበረው ደም በድንገት ቆሞ የደም ግፊቱ ከወረደም በቆመው አትደሰቱ፤ ደሙ በልብ ዙሪያ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል ምንም ዓይነት የመርጋት ምርመራ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ጥሩት።