ሴራሚክ ነው ሊሾ? የቤት ወለል ጥያቄና መልስ ለወሎ ልጆች

ሰላም ወገኖች። ወለል መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ወልድያም ሠርቻለሁ። ሰሞኑን «ምን ላንጥፍ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ዛሬ የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። እንጀራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ቢሆንም ቤታችሁ ሌላ ነገር የሚፈልግ ከሆነ ደፍሬ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ ቤት እየጨረስን ነው። ባለቤቴ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ሴራሚክ ይሁን ይላል። እኔ ብርዱን ፈራሁ። ልጃችን ገና በዳዴ ነው የሚሄደው።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው እህቴ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በባዶ እግር ሴራሚክ የረገጠ ያውቀዋል። በእርግጥ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሴራሚክና ጣውላ ሙቀታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ ሴራሚኩ የእግርን ሙቀት ቶሎ መውሰዱ ነው። ጣውላ ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ እግር ላይ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

እኔ ብሆን ሳሎኑን፣ ኮሪደሩንና ኩሽናውን ሴራሚክ፣ መኝታ ቤቱን ጣውላ ወይም ላሚኔት (ጣውላ የሚመስለው ተገጣጣሚ ወለል) አደርገዋለሁ። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ሁሉንም ሴራሚክ አድርጉትና ልጁ የሚውልበት ላይ ወፍራም ምንጣፍ ጣሉ። አጎዛ ካላችሁ ደግሞ አልጋው ሥር አንጥፉት፤ ለብርድ የሚያህለው የለም። ምንጣፍ ቢቆሽሽ ይታጠባል። ላሚኔት ግን ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ አብጦም አይመለስም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻስ?

መልስ፦ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷንም ታውቁታላችሁ። እዚያ የሴራሚክ ቅዝቃዜ እረፍት ነው። ከሚሴና ባቲም እንደዚያው። ሳታመነቱ አንጥፉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለውዱእ ሻወር ቤት ገብተው አዳለጣቸው። አላህ አተረፋቸው እንጂ ወድቀው ነበር። ወለሉ የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን አተረፋቸው። ይሄ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል፤ ሰው ሴራሚክ ሲመርጥ ውበቱን አይቶ እርጥቡን ይረሳል። የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ለሳሎን ነው። ሻወር ቤት ሻካራ ወይም ማት የሚባለው ነው የሚገባው። ትንንሽ ሴራሚክ ደግሞ ከትልቁ ይሻላል፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል።

ሱቅ ስትሄድ ናሙናው ላይ ትንሽ ውሃ አርከፍክፈህ በእጅህ እሸው። ጣትህ ከተንሸራተተ የእናትህም እግር ይንሸራተታል። ሠራተኛው ደግሞ ወለሉን ወደ ውሃ መውረጃው ያዘንብለው፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ውሃ ከቆመ ሻካራውም ቢሆን ያዳልጣል። እስከዚያው ድረስ የጎማ ምንጣፍ ጣልላቸው፤ ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት አስገጥምላቸው። ለዛሬ ይሄን ብቻ ብታደርግ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የወላጆቼ ቤት ጭቃ ቤት ነው፣ ወለሉም አፈር። ለበዓል ሴራሚክ ላንጥፍላቸው ብዬ ነበር። አፈሩ ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ ማንጠፍ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ወንድሜ። ይሄን የምልህ ከደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ቤት ባለቤቶቹ ስለቸኮሉ በደንብ ባልተጠቀጠቀ አፈር ላይ አነጠፍኩ። በጋውን ቆንጆ ሆኖ ከረመ። ክረምት ሲገባ ሴራሚኩ መሃሉ ላይ ተነስቶ ድንኳን መሰለ። በራሴ ወጪ አፍርሼ ሠራሁት።

ነገሩ ያለው ከሥር ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዋልካውን ቆፍራችሁ አውጡት። ከዚያ ድንጋይ ደርድሩ፣ ገረጋንቲ ሙሉበትና ጠቅጥቁት። ላዩ ላይ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት። ኮንክሪቱን ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት። ሴራሚክ ከማንጠፋችሁ በፊት 28 ቀን ቢጠብቅ ደስ ይለኛል።

ሌላው የጭቃ ግድግዳው ነው። ወለል ሲታጠብ ውሃው የግድግዳውን ሥር ይበላዋል። ዞኮሎውን (ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፈውን) 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አዙሩ።

ይሄ ሁሉ ለበዓል ካልደረሰ ወይም ገንዘቡ ካልበቃ ሊሾ አድርግላቸው። ሊሾ ዛሬ ዛሬ ይናቃል፣ እኔን ግን ያሳዝነኛል። ከሥሩ በደንብ የተሠራና በሰም የተወለወለ ሊሾ ስንት ዘመን ያገለግላል። መሠረቱ ደህና ከሆነ በሌላ ዓመት ሴራሚኩን እላዩ ላይ ታነጥፋለህ፤ የዛሬው ወጪ አይባክንም። በአባቶቻችን ዘመን በእበት ተለቅልቆ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለልም ቤት ሲያሞቅ ኖሯል። ወላጆችህን ደስ የሚላቸው ደረቅ ወለል ላይ መቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቅል የፕላስቲክ ወለል ርካሽ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ርካሽ ነው፣ ሞቅ ይላል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ለተከራይ ሰውም ጥሩ ነው። ግን እኛ ወሎዬዎች ቡና ሳናፈላ አንውልም። ከማንደጃው አንድ ፍም ከወደቀ ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። ቡናው የሚፈላበት ቦታ ላይ ሴራሚክ ቁራጭ ወይም ቆርቆሮ ነገር አድርጉ።

ደግሞ ከማጣበቃችሁ በፊት ወለሉ መድረቁን እዩ። አንድ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሥሩ ላብ ካወጣ ቆዩ፣ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ሳሎኔ 4 በ5 ነው። 60 በ60 ስንት ካርቶን ልግዛ?

መልስ፦ 20 ካሬ ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ጨምር፣ 22 ካሬ ይሆናል። አንዱ ሴራሚክ 0.36 ካሬ ስለሆነ፣ ካርቶኑ 4 ከያዘ 1.44 ካሬ ነው። ስለዚህ 16 ካርቶን። ሁሉም ካርቶን ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እይ፤ ከተለያየ ቀለሙ ትንሽ ይለያያል። ሲነጠፍ ያስታውቃል፤ ያኔ ደግሞ መመለስ የለም። የተረፈውን አትጣል፣ አንድ ቀን ሲሰበር ያንኑ ዓይነት አታገኝም።

ጥያቄ፦ ሴራሚኬ ስረግጠው ባዶ ድምፅ ያሰማል። ሠራተኛው ችግር የለውም ይላል።

መልስ፦ አለው። ሠራተኛው ሲሚንቶውን አራቱ ጫፍና መሃሉ ላይ ብቻ ጣል አድርጎ ካስቀመጠው ከሥር አየር ይቀራል። ከባድ ቁም ሳጥን ቢያርፍበት ይሰነጠቃል። ሳንቲም ይዘሽ እያንዳንዱን አንኳኪ፤ ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። አንድ ሁለት ከሆነ ይነሳና ይታረማል። ግማሹ ከሆነ ግን ቀሪውን ክፍያ ሳትጨርሺ አነጋግሪው። ለወደፊቱ ሲሠሩልሽ ቁሚ፤ ሲሚንቶው ከሥር ሙሉ በሙሉ መቀባት አለበት።

ጥያቄ፦ በረኪናና አሲድ ለሴራሚክ ይሆናል?

መልስ፦ በረኪና አልፎ አልፎ፣ በውሃ አቅጥነሽ፣ መስኮት ከፍተሽ። ሁለቱን ግን በፍጹም አንድ ላይ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አሲዱ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ያለውን ነጭ ሲሚንቶ ይበላዋል፤ እምነበረድማ ጨርሶ አይችለውም፣ ሎሚ እንኳ ምልክት ይተውበታል። ለየቀኑ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ኦሞ ይበቃል።

ስለ ደረጃና ስለ በረንዳ የጠየቃችሁኝን ማታ ከሥራ ስመለስ እመልሳለሁ፣ አብሽሩ።