ወንዝም ኦክስጅን ይደረግለታል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አትላንታ ነው። ከሳቫና ወደብ ኮንቴይነር ማመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አንድ የኛው ሾፌር «ይሄን ወንዝ ቆፍረው ቆፍረው ገደሉት፤ አሁን እንደ በሽተኛ በማሽን ኦክስጅን ይሰጡታል» አለኝ። ሳቅኩበት። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጄ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ እዚያው ወንዝ ዳር ልወስደው ቃል ገብቼለታለሁ። እውነት ቁፋሮው ይህን ያህል ይጎዳል? ዓሣውስ ይበላል?
ኮንቴይነር ጎታቹ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸም፤ ትንሽ አጋነነ እንጂ። ወንዙ አልሞተም። ማሽኑ ግን አለ።

አንተ የምትጭነውን ኮንቴይነር የሚያመጡት መርከቦች እየገዘፉ ሲመጡ፣ የሳቫና ወንዝ ጥልቀት አልበቃም ተባለ። ከ42 ፊት ወደ 47 ፊት እንዲወርድ ተወሰነ፤ ወደ 14 ሜትር ተኩል ሊጠጋ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ከባሕሩ በኩል ተጀምሮ በማርች 2022 አለቀ። ወጪው አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የሚገርመው፣ ግማሽ ያህሉ የወጣው ለቁፋሮው ሳይሆን ቁፋሮው የሚያመጣውን ጉዳት ለማለዘብ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጭቃው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጨው ነው። ለምን እንደሆነ ከልጅህ ጋር ቤት ውስጥ ልታየው ትችላለህ። ላዛኛ የምትጋግሩበትን የመስታወት ዕቃ አውጣ። እስከ ግማሹ የቧንቧ ውሃ ሙላው። በሌላ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ጨው በጥብጥና ቀለም እንዲይዝ የቀይ ሥር ጭማቂ ጠብ አድርግበት። ከዚያ በአንዱ ጥግ ቀስ አድርገህ አንቆርቁረው። ቀዩ ወዲያው አይቀላቀልም። ይከብዳላ! ወለል ለወለል እየተሳበ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ባሕርም ወንዝ ውስጥ የሚገባው እንዲሁ ነው፣ ከታች በኩል። ወለሉን በቆፈርክለት ቁጥር ሽቅብ ይርቃል።

ይሄ ደግሞ በግምት የተወራ አይደለም። ሳቫና ላይ ከዚህ በፊት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ከወንዙ ቅርንጫፎች በአንዱ ላይ የማዕበል በር ተሠራ። ሐሳቡ ብልጥ ነበር፦ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ይግባ፣ ሲጎድል በሩ ይዘጋ፣ ውሃውም በመርከቦቹ መስመር በኩል እየተገፋ ደለሉን ይጥረግልን፤ እኛም የቁፋሮ ገንዘብ እናተርፋለን። ደለሉን ሲያስቡ ጨውን ረሱት። ጨዋማው ውሃ ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ ድረስ ወጣ። እንቁላሉ እየተንሳፈፈ የሚያድገው ጨው በሌለበት ውሃ ነው። ዓሣው ተመናመነ። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ እሱን ይዞ መሄድ ተከለከለ። በሩ በ1991 ሥራ አቆመ። ክልከላው የተነሣው ግን በ2005 ነው። አስራ ሰባት ዓመት! በመሀሉ ከማራቢያ ጣቢያ የመጡ ጫጩቶች ወንዙ ውስጥ ሲለቀቁ ነበር።

ጨው ለሰውም ይተርፋል። ከሳቫና ከተማ ውሃ ከፊሉ የሚቀዳው አበርኮርን ከሚባል ወንዙን ከሚገብር ጅረት ነው። ድርቅ በሆነበት ጊዜ ባሕሩ ሲሞላ ክሎራይዱ፣ ማለትም ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ እዚያ ሊጨምር ይችላል ተብሎ 97 ሚሊዮን ጋሎን የሚይዝ መጠባበቂያ ኩሬ ተሠርቷል። እኔ ጡረታ እስክወጣ የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ክሎራይድ ስለካ ነው የኖርኩት። ቢጫ ጠብታ ታደርግበታለህ፤ ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን መለኪያ ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቢጫው ድንገት ወደ ጡብ ቀለም ሲዞር እጅህን ታቆማለህ። ብዙ ጠብታ ከፈጀ ውሃው ጨዋማ ነው። አንዳንድ የነሐሴ ቀን ያ ጠብታ አላልቅ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ እንምጣ። አምቦ ውሃ ፀሐይ ላይ ቢቆይ ጋዙ እንደሚያመልጥ ታውቃለህ። ኦክስጅንም እንዲሁ ነው፤ የሞቀ ውሃ ብዙ አይዘውም። ጆርጂያ በጁላይና በኦገስት ምን እንደምትመስል አንተ ትነግረኛለህ። በዚያ ላይ ከታች የተኛው ጨዋማ ውሃ ከአየር ጋር አይገናኝም። ወለሉ ላይ የሚበሰብሰው ነገር ደግሞ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ላይ ትልልቅ የብረት ሾጣጣዎች ተተከሉ፤ አንደኛው ቦታ ከከተማው ፊት ለፊት ያለችው ሃቺንሰን ደሴት ናት። ቅርጻቸው የመሶብ ክዳን ነው። የወንዙ ውሃ በጠባቡ አናት ከኦክስጅን ጋር ይገባል፤ ወደ ታች ሲወርድ አረፋውን ሽቅብ እንዳይወጣ ይዞ ያሟሟዋል። ከዚያ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ በ2013 ሲስማሙ፣ ወንዙ ውስጥ ከመቆፈሩ በፊት ማሽኑ መሥራቱ ይረጋገጥ ብለው አስፈርመዋል። ጎበዞች ናቸው።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አልወደድኩትም። በር ከፍቶ ትቶ ማሞቂያ እንደ መግዛት ነው። መርከቦቹ እስካሉ ድረስ ያ ማሽን በየዓመቱ በሙቀቱ ወራት መሥራት አለበት። ማሽን ይበላሻል። በጀትም ይቆረጣል።

ጭቃውን በአጭሩ፦ የተወሰነው በተፈጥሮው ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያለበት ስለነበር ለብቻው ተከማችቶ ተሸፍኗል። ከባሕሩ መግቢያ በኩል በመምጠጫ የሚወጣው ደግሞ ኤሊዎች አብረው እንዳይመጠጡ በብርዱ ወራት ብቻ ነው የተሠራው።

የልጅህን ነገር በተመለከተ፣ ሂዱ፣ አጥምዱ። አስራ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያንተን አትርሳ። ለመብላት ግን የጆርጂያ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣውን የዓሣ አመጋገብ መመሪያ እይ፤ በየወንዙና በየዓሣው ዓይነት ይለያያል። ሌላ ዓሣ የሚበሉ ትልልቅ ዓሦች ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት ያጠራቅማሉ። ይሄኛው በቁፋሮው ብቻ የመጣ ችግር አይደለም። ለልጅ ከትልቁ ይልቅ ትንሹን ምረጥ።

አንድ ነገር ብቻ። አፍንጫው ሹል፣ ከአፍንጫው ሥር፣ ከአፉ ፊት ጢም ያለው፣ ጀርባውና ጎኑ ላይ የአጥንት ጋሻ የተደረደረበት ዓሣ ከያዛችሁ ስተርጅን ነው። ይዞ መሄድ በሕግ ክልክል ነው። አፍንጫ አጭሩ ዝርያ ከ1967 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተመዝግቧል። ወደ ላይኛው መራቢያው እንዲያልፍ ኦገስታ ላይ ቃል የተገባለት መተላለፊያ፣ ቁፋሮው ሲያልቅ ገና አልተሠራም ነበር። መንጠቆውን ውሃ ውስጥ እንዳለ አውጣለትና ልቀቀው። ልጅህ ፎቶ ላንሳ ካለ፣ ከውሃ ሳታወጣው ያንሳ።