አራት ነጥብ ላይ የማይቆም ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ፊደል አንድም አይስት፤ ሲያነብ ግን አራት ነጥብ የለ፣ ጥያቄ ምልክት የለ፣ ዝም ብሎ ይነጉዳል» ብለሻል። የእኔዋም ሁለተኛ ክፍል ሳለች እንዲሁ ነበረች። አንድ ገጽ በአንድ ትንፋሽ!

መጀመሪያ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። «ነጠላ ሰረዝ ላይ አንድ፣ አራት ነጥብ ላይ ሁለት ቁጠሪ» አልኳት። እሷ ሆዬ ጮክ ብላ ቆጠረችው። «ውሻው ሮጠ አንድ ሁለት ድመቷ ዛፍ ላይ ወጣች አንድ ሁለት።» ታሪኩ የት እንደገባ እንጃ። ተውኩት።

ያዋጣኝ ቆሎ ነው። እውነቴን ነው። ቅዳሜ ቡና ሳፈላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነባለች፤ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ቆሎ ቆንጠር አድርጋ ትቅማለች። እያኘኩ ማንበብ አይቻልም፣ ሳትወድ ትቆማለች። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሳይሞላ ዓይኗ ቀድሞ ነጥቡን መፈለግ ጀመረ። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ብቻ ነው የፈቀድኩት፣ በዚህ ትንሽ ተኳርፈናል። አንድ ቀን ደግሞ የአያቷን ዳዊት ገልጣ በየቃሉ መሀል ያለውን ሁለት ነጥብ አየች። «እማዬ፣ ግማሽ አራት ነጥብ!» ብላ በየቃሉ ቆሎ ጠየቀችኝ። ድሮ ቃልና ቃል የሚለየው በእሱ እንደነበር፣ ዛሬ ባዶ ቦታ እንደተካው የነገርኳት ያኔ ነው።

ለጥያቄ ምልክት ግን ቆሎ አይሆንም፤ እሱ የድምፅ ነገር ነው። አማርኛ ላይ ከበድ ይላል። «ማን»፣ «የት» የሚል ቃል ከሌለ ጥያቄ መሆኑን የምታውቂው መጨረሻ ላይ ባለችው ምልክት ነው። ልጁ እሷ ጋ ሲደርስ ግሱን አንብቦ ጨርሶታል። ስለዚህ ሦስት ወረቀት ላይ ጻፍኩ፦ «አባባ መጣ።» «አባባ መጣ?» «አባባ መጣ!» አንዱን ደብቃ ታነባለች፣ እኔ ከድምፅዋ የትኛው እንደሆነ እገምታለሁ። መጀመሪያ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። «አልለየሁትም» ስላት ተናደደች። ከዚያ ባለ ቃለ አጋኖውን አንስታ እንዴት እንደጮኸች! ታናሽ ወንድሟ እውነት መስሎት በሩ ድረስ ሮጠ። አባቱን ሲያጣ ደግሞ ለቅሶ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ልጅሽ ገና ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ከሆነ ይህን ሁሉ አቆዪው። ቃሉን ለመያዝ እየታገለ ነጥቡን አያይልሽም። ለጊዜው አንቺ ቀድመሽ አንብቢለት፣ እሱ ያንኑ አንቀጽ ይድገመው። መሀል ላይ እያቋረጥሽም አታርሚው፤ የእኔዋን እንዲያ ሳደርጋት መጽሐፉን ከድና ተነስታ ነበር።

ቆሎው ውስጥ ሱፍ አትጨምሪ። ቅርፊቱ በየገጹ መሀል ተሰግስጎ እስካሁን አልለቀቀኝም።