«አትረቢም» ያለኝን አባቴን እንዴት ላክብር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እሠራለሁ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ አትረቢም» እያለ ነው ያሳደገኝ። ዛሬም አለቃዬ «ቢሮ ነይ» ካለኝ ልቤ ይርዳል። ደረጃውን ስወጣ «አለቀልኝ፣ ሊያባርረኝ ነው» እላለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ትንሹ ልጄ ወተት ደፋና ያው ቃል ከእኔ አፍ ወጣ። ይህ የእምነት ጉድለት ነው? አባቴ ጎድቶኛል ብልስ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ማፍረስ ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የእምነት ጉድለት አይደለም። ትእዛዙንም አላፈረስሽም። አባትሽን አክብሪ ተባልሽ እንጂ ስለ አንቺ ያለውን ሁሉ እንደ ወንጌል ቃል ተቀበዪ አልተባልሽም።

ዳዊትን ተመልከቺ። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ቤተ ልሔም ሲመጣ፣ አባትየው ሰባቱን አቀረበ። ዳዊትን የጠራው የለም፤ በግ ይጠብቅ ነበር። ሳሙኤል «ሌላ ልጅ የለህም?» ብሎ ባይጠይቅ እዚያው ሜዳ ይቀር ነበር። በገዛ አባቱ ቤት ያልተቆጠረ ልጅ! እንዲያም ሆኖ ሳኦል ሲያሳድደው አባትና እናቱን ወስዶ ለሞዓብ ንጉሥ አደራ ሰጥቷል። አከበራቸው። ስለ ራሱ የሚያምነውን ግን ከእሴይ ግምት አልወሰደም። «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» የሚለው መዝሙር የእሱ ነው።

ወደ አለቃሽ ቢሮ ወደምትወጪበት ደረጃ እንመለስ። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በድብርት ከተያዙ ታካሚዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። ሳይጠሩት ብልጭ የሚል ሐሳብ አለ፤ ሰውየው ሳይመረምር እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ስሜቱም ይከተለዋል። የእኛም አባቶች የሐሳብ መምጣት ኃጢአት አይደለም፣ የሚጎዳው ተቀብሎ ማሳደሩ ነው ብለው ያስተምራሉ።

ስለዚህ ሐሳብሽ «ሊያባርረኝ ነው» ሲልሽ ጻፊው። ከሥሩ ደግሞ አለቃሽ በእርግጥ ያለሽን ጻፊ። «ቢሮ ነይ» ብቻ ነው። የቀረውን የጨመረው የድሮው ድምፅ ነው። ማታ ለጸሎት ስትቆሚ ያቺን ወረቀት ይዘሽ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» በዪ። መዝሙረኛው ነፍሱን ጠየቃት እንጂ አልሰደባትም።

እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ምግብም ካስጠላሽና ሳምንታት ካለፉ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። እዚያው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል ጀመርኩ ብለሽ የታዘዘልሽን መድኃኒት እንዳታቋርጪ፣ አደራ! ኤልያስ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ነው ያቀረበለት።

ስለ ልጅሽ፦ ጳውሎስ ልጆቻችሁ ተስፋ እንዳይቆርጡ አታበሳጩአቸው ብሎ ለቆላስይስ ሰዎች ጽፏል። ወተት ሲደፋ ስለ ወተቱ ተናገሪ፤ ጨርቅ ያምጣና አብራችሁ ጥረጉት። ያለፈውን ቃል ደግሞ ዛሬ ማታ ሳይተኛ አንሺለት። «ያን ቀን አትረባም ያልኩህ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ» በዪው።