«ሕመምተኛው እየዋሸኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ለወጣት የቤተሰብ ሐኪሞች፣

ባለፈው ወር ከሬዚደንቶች (ስፔሻሊቲ ከሚማሩ ሐኪሞች) ጋር ስንወያይ አንዲት ወጣት ሐኪም እጇን አውጥታ፣ «ትራማዶል ወይም ሞርፊን ጻፊልኝ የሚለኝ ሰው በእርግጥ አሞት ይሁን ወይም ለምዶበት፣ እየዋሸኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ልማድ ሊያስይዙ የሚችሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቼ ወጣሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም ለዓመታት ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ በዚሁ ጥያቄ ምክንያትም ሁለት ሰዎችን በድያለሁ።

የመጀመሪያው በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ነበር። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ በምሠራበት ክሊኒክ ወገቡን አሞት መጣ፤ መረመርኩት፣ 50 ሚሊ ግራም ትራማዶል በቀን ሦስት ጊዜ እንዲወስድ አዘዝኩለትና ተሻለው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ብቅ እያለ «ዶክተር፣ ያቺን መድኃኒት» ይለኛል፤ እኔም ቆሜ እፈርምለታለሁ። አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ ጠፋብኝ አለ፣ ሌላ ጊዜ ጉዞው ረዘመብኝ አለ፤ ሁለቱንም አመንኩት። ደግ ሰው ስለነበር ለመጠርጠር አፈርኩ።

ትራማዶልን ያን ያህል ያቀለልኩበት ምክንያት ነበረኝ። በመጀመሪያ በተመደብኩበት ጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ፔቲዲን የተባለው እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ትዞር ነበር፤ ባዶውን አምፑል መልሰን በመዝገቡ ላይ ካልፈረምን ሌላ አትሰጠንም። ሌሊት አደጋ የደረሰበት ሰው ሲመጣ እንኳ በፋኖስ ብርሃን ቆጥራ ነበር የምታስረክበን። እኛ ወጣቶቹ እንበሳጭባት ነበር፤ ዛሬ ነፍሷን ይማረው እላለሁ። ፔቲዲንና ሞርፊን እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት የተያዙ ናቸው፤ ትራማዶል ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቁልፍ የሌለውን መድኃኒት አደጋ የሌለው አድርጌ ቆጠርኩት።

አንድ ቀን ረዳቱ ሹፌሩን ደግፎ አመጣው። ምሳ ሊበላ በተቀመጠበት አንዘፍዝፎት ወድቆ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ሸሚዙ በደም ተነክሯል። ከጃኬቱ ኪስ የወጡትን ባዶ የእንክብል ማሸጊያዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኳቸው። በቀን ሊወሰድ ከሚገባው ከፍተኛ መጠን ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ሲወስድ ከርሟል፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ለእንቅልፍ ብሎ አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ጽፎለታል። ሁለቱ ተደራርበው የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ምን እንደሚወስድ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ሲነቃ ያለኝን አልረሳውም፦ «ዶክተር፣ ወገቤ ከተሻለኝ ቆይቷል፤ ይህን ካልወሰድኩ ግን መሪ መያዝ አልችልም።» መሪው ላይ ሆኖ ቢያንዘፈዝፈው ኖሮ ማንን ይዞ ሊሄድ ይችል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

እርሱ በሕይወት ተረፈ፤ ቀስ በቀስ መጠኑን እየቀነስን አስተውነው። የከፋው በእኔ ላይ የቀረው ፍርሃት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ወደ እኔ መጡ፤ በሽታው ዳሌያቸው ውስጥ ተሠራጭቷል። በባጃጅ ሲመጡ መቀመጥ ስለማይችሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው የፊቱን ብረት ይዘው ነበር የሚደርሱት። እኔ ቀለል ያሉትን ማስታገሻዎች፣ ዳይክሎፌናክና ፓራሲታሞል ስጽፍ፣ ከዚያም ትራማዶልን እየቆጠርኩ ስሰጥ ሰነበትኩ፤ ሞርፊን የሚታዘዝበት የናርኮቲክ ማዘዣ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ልጃቸው፣ «እናቴ ሌሊቱን ትራሱን ነክሳ ነው የምታነጋው» ብትለኝ «እንዳይለምድባቸው» አልኳት። በቀራቸው ጥቂት ሳምንት ምን ሊለምድባቸው? በመጨረሻ ራሳቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ የምዋሽ ይመስልሃል?» አሉኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ሕመም የመድኃኒት መሰላሉን፣ ከቀላሉ ማስታገሻ ተነሥቶ ሕመሙ ካልበረደ እስከ ሞርፊን የሚያወጣውን መመሪያ፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን ሹፌሩ ትዝ እያለኝ ነበር የነፈግኳቸው።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ የምትመኟት አሜሪካም፣ ኦክሲኮንቲን የተባለው የሞርፊን ወገን ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ ለዓመታት ያለ ልክ ስታዝዝ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (CDC) የእነዚህን መድኃኒቶች አስተዛዘዝ መመሪያ ሲያወጣ ብዙ ሐኪሞች ደንግጠው የቆዩ ሕመምተኞቻቸውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ አቋረጡባቸው፤ ከዚህ ከደረሰው ጉዳት የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ተሻሽሎ ወጣ።

ስለዚህ ለዚያች ወጣት ሐኪም ያልሰጠኋት መልስ ይህ ነው። ውሸት ማጣራትን ትተሽ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቂው፦ ስንት ሰዓት ላይ ትወስዳለህ፣ ከወሰድክ በኋላ ምን መሥራት ትችላለህ፣ ሳትወስድ ስትቀርስ ምን ይሰማሃል? ሹፌሩን እነዚህን ሦስቱን ብጠይቀው ኖሮ እውነቱን ይነግረኝ ነበር፤ ሊደብቀኝ የፈለገም አይመስለኝም። ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ይወስድ እንደሆነ፣ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከሞርፊን ጋር ተደምረው ትንፋሽ ያፍናሉና። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ላይ ሞርፊን ይጠራቀማል። ስለ መጠን ስሌት አልጽፍም፤ እናንተ ከስልካችሁ በቅጽበት ታወጡታላችሁ። እውነቱን ለመናገር የዛሬ ወጣት ሐኪሞች ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ዓይናችሁን ከስክሪኑ ሳታነሡ ማዘዣ የምትሰጡበት ፍጥነት ያሳስበኛል። ሞርፊን ስታዝዙ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ድርቀት መከላከያ አብራችሁ ጻፉ፤ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቀኑ ሳይደርስ ጨረስኩ ለሚል ሰው አትድገሙ ብዬ አስተምራለሁ፤ አምንበታለሁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት የአጥንት ካንሰር ለያዘው አንድ ገበሬ ከቀኑ አራት ቀን ቀድሜ ደግሜአለሁ፤ ሕመሙ ጨምሮ እንደሆነ አልጋው ድረስ ሄጄ አይቻለሁና ዛሬም ቢመጣ እደግመዋለሁ።

መምህርቷን በመጨረሻ ያየቻቸው ከእኔ የምታንስ ሌላ ሐኪም ናት፤ በመጡበት ዕለት በውሃ የሚዘጋጀውን ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም አዘዘችላቸው። ካረፉ በኋላ ልጃቸው ጠርሙሱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ እኔ አመጣችው፤ ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ ማስቀመጥ ፈርታ ነበር። «ስምንት ጊዜ ነው የወሰደችው፤ ስምንቱንም ጊዜ ተኝታለች» አለችኝ። ከፋርማሲስታችን ጋር ለክተን መዘገብነው፤ ከ100 ሚሊ ሊትሩ 80 ቀርቶ ነበር።