የእናቴ ድምፅ ቢያረጋጋኝ የእምነት ጉድለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፥ የምኖረው ደሴ ነው። እናቴና ወንድሜ ቆቦ ገጠር ናቸው፤ ሙስሊም አጎቴም እዚያው ጎረቤታቸው ነው። የጦርነት ወሬ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይሸበራል፥ ጸሎት አድርሼም አልረጋ ይለኛል። የእናቴን ድምፅ ስሰማ ግን ወዲያው እረጋለሁ። ከእግዚአብሔር ይልቅ በስልክ መታመን አይሆንብኝም? ስልኩ የጠፋ ዕለትስ ምን ላድርግ? ስለ አጎቴስ መጸለይ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፥ አይሆንብሽም። ያዕቆብ “ዮሴፍ በሕይወት አለ” ሲሉት ልቡ ደነዘዘ፥ አላመናቸውምም፤ ልጁ የላከለትን ሰረገሎች ባየ ጊዜ ነው መንፈሱ የታደሰችው (ዘፍ. 45፥26-27)። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄ ሰዎች ነገር ቢያስጨንቀው ጢሞቴዎስን ላከ፤ ምሥራቹን ይዞ ሲመለስም መጽናናቱን ጻፈላቸው (1ተሰ. 3፥5-7)። ሐዋርያው በወዳጆቹ ወሬ ከተጽናና፥ አንቺ በእናትሽ ድምፅ ብትረጋጊ ምን ነውር አለው?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ብዙ ሰው “የቤተሰቤን ነገር ልስማ” ብሎ ስልኩን ያነሣና እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይቀራል። እናቱ ግን እዚያ የለችም። ወሬውን በቀን አንድ ጊዜ፥ በብርሃን ስሚው፤ ከጠዋት ጸሎት በፊትና ከመኝታ በፊት ግን ይቅርብሽ። ጌታ “አትደንግጡ” ያለው የጦር ወሬ እንደምንሰማ ነግሮን ነውና (ማቴ. 24፥6) ጆሮሽን ድፈኚ አልልሽም።

ጸሎትሽን በልክ አድርጊው። የፈራ ሰው በየቀኑ ይጨምራል፥ ከዚያ ያቅተዋል፥ ባቃተው ቁጥር ኅሊናው ይወቅሰዋል፥ በሳምንቱ ሁሉንም ይተዋል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ከዳዊት የሰኞው ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፥ ሦስት ንጉሥ፤ ካልቻልሽ አንዱ ንጉሥ፥ ማለትም ዐሥሩ መዝሙር ይበቃሻል። ሐሳብሽ ጨርሶ የተበተነ ዕለት መዝሙር 90ን (“በልዑል መጠጊያ የሚኖር” የሚለውን፥ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 91 ነው) ብቻ ቆመሽ ድገሚ። ስልኩ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ እጅ ላይ ካለ በነዘረ ቁጥር ያቆምሽበት ይጠፋሻል።

ስለ መደወሉ፦ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡና እሱ ይደውል፥ ለሌላው እሱ ያሰማ። ስምንት ልጅና ዘመድ በየተራ ሲደውል መብራት በሌለበት አገር የእናትሽ ባትሪ በአንድ ቀን ያልቃል። ሰዓት ቁረጡ፤ ከዚያ ውጭ ስልኳን ታጥፋው። ጥሪ እምቢ ሲል አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኪ፤ ኔትወርኩ ለቅጽበት ብቅ ቢል እንኳ ሊያልፍ ይችላል። “ደኅና ነን፥ አብረን ነን፥ እሑድ እንደውላለን” ከተባባላችሁ በቂ ነው። “ጦሩ የት ደረሰ?” ብለሽ ግን አትጠይቂያት፤ ለእሷ አደጋ ነው፥ ላንቺም አይረባሽ። “ማሽላው እሸት ያዘ? ላሚቱ ወለደች?” በያት። ስለ ጥጃው ስታወራ የምትሰሚው ድምፅ ነው አንቺንም እሷንም የሚያሳድረው።

ስልክ ቢጠፋ ዝምታን ሞት አታድርጊው። በ2014 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ መስመር ተቋርጦ ስንቱ ዘመዱን ሳይሰማ ወራት ቆየ፤ ብዙው በኋላ በሕይወት ተገናኝቷል። ገበያ የሚወጣ ሰው፥ ሹፌር፥ የአጥቢያው ካህን መልእክት ያደርሳሉ። ቀይ መስቀልም የተጠፋፋ ቤተሰብ ያለ ክፍያ ያፈላልጋል፤ ስትሄጂ የሰውዬውን ስም ከነአባትና ከነአያት፥ ዕድሜውን፥ መጨረሻ የነበረበትን ቦታ ይዘሽ ሂጂ።

የሞት ወሬ ቢመጣ ደግሞ ያየ ወይም የቀበረ ሰው ሳይገኝ እናትሽን መርዶ እንዳትረዷት፤ በስልክማ ጨርሶ አይሁን። ከጦር ሜዳ ሮጦ ወደ ንጉሥ ዳዊት ቀድሞ የደረሰው መልእክተኛ አኪማአስ “ታላቅ ሽብር አየሁ፥ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም” ነበር ያለው (2ሳሙ. 18፥29)። የዛሬው ፌስቡክም ከዚህ የተሻለ አያውቅም። ፍትሐትና አርባ በወሬ አይጀመርም፤ ነገሩ ሲረጋገጥ ከካህናቱ ጋር ትነጋገራላችሁ።

ለአጎትሽ መጸለይ ይገባል፤ ልመናና ጸሎት ስለ ሰው ሁሉ እንዲደረግ ታዘናል (1ጢሞ. 2፥1)። በቤተ ክርስቲያን እንዲጸለይላቸው ለካህኑ የምትሰጪው የእናትሽንና የወንድምሽን የክርስትና ስም ነው፤ አጎትሽን በግል ጸሎትሽ በስሙ ጥሪው። ወሎ አይደል፥ እሱም በዱዓው አንቺን ሳያነሣሽ አይቀርም።

ስለት ከተሳልሽም የምትችይውን ተሳይ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም እደርሳለሁ ብለሽ መንገዱ ሰላም ባይሆን ነፍስሽን ለአደጋ አትስጪ፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና መቼና እንዴት እንደምታደርሺው እሳቸው ይምሩሽ።